ማን ይሂድ፣ ማን ይቆይ

እዚህ ሀርጌሳ ያለው የአገሬ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። ድሮ ጤና መኮንን ነበርኩ፤ እሱንም ከተውኩት ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ሳይሆን ወረቀት ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ሰሞን አርማቸው ነበር። ዶክተር አይደለሁም ስላቸው «አቤት ትሕትና!» ብለው ይብሱኑ ያከብሩኛል። ደከመኝና ተውኩት። ደክሞኝ ብቻም አይደል፤ ምን ያስዋሸኛል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን የማስቀድመው ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። አንድ ግንበኛ ልጁን ሳያይ እንዲሞት ያደረግሁት በዚህ ስም ስለሆነ ነው። እንደ ማንኛዋም ሴት ብሆን ኖሮ «አንቺ ደግሞ አርፈሽ ተቀመጪ» ብለውኝ ያልፉ ነበር፤ ሰውየውም አገሩ ይገባ ነበር።

ሀርጌሳ የመጣሁት ለስድስት ወር ተብዬ ነው፤ አሁን አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራበት ቢሮ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጥና ስልክ ያነሳ ሰው ሁሉ «አንዴ ቆይ» ይላል። ሥራችን ለመንግሥታትና ለድርጅቶች የጤና ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። ያን ጊዜ የያዝነው ግን የጉድ ነበር። ከዓለም ሌላ ጫፍ፣ ውቅያኖስ መሐል እንደ ጥሬ የተበተኑ ደሴቶች ላሏት አንዲት ትንሽ አገር፣ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ዕቅድ እንጽፋለን። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግሁ ሰው ነኝ። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሀርጌሳም ብትሆን ውሃ በቦቴ እየዞረ የሚታደልባት ደረቅ ከተማ ናት። እዚህ አቧራ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ነርስ በስንት ሳምንት አንዴ በጀልባ የትኛው ደሴት ትድረስ የምል እኔ ነኝ። የቢሮ ጓደኞቼ «ዋና የማትችል የባሕር ኃይል አዛዥ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ስብሰባው በቪዲዮ ነው። እኛ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እነሱ ከሥራ ሊወጡ ይሰናዳሉ። ደጋግ ሰዎች ነበሩ። የደሴቶቹን ስም አንድ በአንድ በቃሌ አጠናሁ፤ የትኛው ማረፊያ ሜዳ እንዳለው፣ የትኛው በማዕበል ወራት ከሰው እንደሚቆረጥ ከራሴ ሰፈር በላይ አወቅሁ። መድኃኒት እንዴት እንደሚደርስ፣ ነፍሰ ጡር መቼ ወደ ዋናው ደሴት እንደምትመጣ፣ ይኼን ይኼን ጻፍኩና ጨረስኩ። የከበደኝ ሕሙማንን ወደ ውጭ አገር ስለ መላክ የሚያወራው ምዕራፍ ነው። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና የላትም። ሰው ሲጠናበት በአውሮፕላን ወደ ትልቅ ጎረቤት አገር ይላካል። ቦታው ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚላከው የሚጮህለት ዘመድ ያለው ነበር።

የነጥብ ወረቀቱን የሠራሁት ለዚህ ነው። አንድ ገጽ፣ አራት ጥያቄ። ሕክምናው በሚሄድበት ይገኛል ወይ? ቢታከም የመዳን ተስፋ አለው ወይ? መንገዱን ይችለዋል ወይ? ተመልሶ ራሱን ችሎ ይኖራል ወይ? ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፣ ይደመራል፣ ብዙ ያገኘ ይሄዳል። ልቅሶ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ጩኸት የለ። ሳሳያቸው ወደዱት። አንደኛው ኃላፊ ይህች ወረቀት ከዓመታት በፊት ኖራ ቢሆን ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር አለኝ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

እዚህ ሼክ ኑር ሰፈር ውስጥ ደግሞ እኛ አበሾች ማኅበር አለችን። ግንበኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሰው ቤት የምትሠራዋ፣ እንደኔ ያለው አንድ ሁለት የቢሮ ሰው፣ ዓርብ ከሰዓት እንሰበሰባለን፤ ዓርብ ሥራ የለምና። ሰብሳቢያችን ፀጉራቸው ላይ የቀለም ፍንጣቂ የማይጠፋ አዛውንት ቀለም ቀቢ ናቸው። የማኅበሯ ትልቁ ሥራ የታመመ ሰው ወደ አገሩ መላክ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንዲት ሚኒባስ ወደ ቶጎ ውጫሌ ድንበር፣ ከዚያም ጅግጅጋ ትሄዳለች። ሾፌሩ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ድሬዳዋ ያደገ ሙስሊም፤ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። የመሐሉን ወንበር ይነቅልና ፍራሽ አንጥፎ አንድ በሽተኛ አጋድሞ ይወስድልናል። አንድ ብቻ፤ የቀረው ቦታ የመንገደኛ ነው። ሁሉም ዶክተር ሲለኝ እሱ ብቻ «እህቴ» ይለኝ ነበር።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ማን ይሂድ የሚለው በጭቅጭቅ ነበር የሚወሰነው። አንዱ ይነሳና ስለ በሽተኛው ይመሰክራል፤ ሌላዋ እንባዋን ታፈሳለች፤ አንዱ ተቆጥቶ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ሰልችቶት «በቃ እገሌ ይሂድ» ይባላል። ለእኔ ዓይን ገበያ ነበር። እንዲህ ተብሎ ሰው ይላካል እንዴ! አልኩ። አንድ ዓርብ የደሴቶቹን ወረቀት በአማርኛ ገልብጬ ይዤ ሄድኩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ሰክተው እስከ መጨረሻው አነበቡና መማር ማለት ይኼ ነው ብለው ለሰው አሳዩት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ ብቻ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ኢንሻላህ» አለና ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ። እኔ «ኢንሻላህ» ሲል መስማማቱ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚሄደውን ሰው ደብዳቤ የምፈርመው እኔ ሆንኩ። የበሽተኛው ሁኔታ የተጻፈበት ያ ደብዳቤ ከሌለ ሾፌሩ ኬላ ላይ መከራውን ያያል። ከዓመት በፊት አንድ በሽተኛ መንገድ ላይ ሞቶበት፣ ወረቀት የለህም ተብሎ ሁለት ቀን ታስሮ ያውቃል። ስለዚህ ያለ እኔ ፊርማ ማንም ፍራሿ ላይ አይወጣም። ጥቂት ወራት እንዲህ ሄድን፤ በደንብ ሄድን። ጭቅጭቁ ቀረ፣ ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ጀመር። ሰዉ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም አንድ ነገር ሠራሁ ብዬ አምን ነበር።

ከዚያ ግንበኛው መጣ።

እሱን ያላወቀ የማኅበራችን ሰው የለም። እዚህ ከተማ የስንቱን ሰው ግቢ አጥር እንዳቆመ እሱም አይቆጥረውም። እኔ የተከራየሁትን ቤት የመታጠቢያ ክፍል ግድግዳ አይቶ ሳቁን ሊያቆም አልቻለም፤ «ዶክተሬ፣ ይኼ ግድግዳ ሰክሯል» አለና በአንድ ዓርብ አፍርሶ፣ ቱንቢውን ጥሎ፣ ቀጥ አድርጎ ሠራልኝ። ምሳ ብቻ ነው የበላልኝ። ጉልበተኛ፣ ተጫዋች ሰው ነበር። በኋላ ሆዱ ማበጥ ጀመረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ጉበቱ አብቅቶለታል አሉት፤ ሳይደብቁ ነገሩት። ዳሚ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር በተከራያት አንድ ክፍል ተኛ።

ያን ዓርብ በሁለት ሰው ተደግፎ ወደ ስብሰባው መጣ። ለዚያ ቅዳሜ ፍራሽ ሌላ ሰውም ነበረች፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ፣ ተጣሞ የገጠመ። ጅግጅጋ ከፍተው ቢያቃኑላት እንደ ሰው ትራመዳለች። ወረቀቱን አወጣሁ። ልጅቷ ሁሉንም ነጥብ አገኘች። እሱ ምንም አላገኘም። ሕክምና የለውም፣ ተስፋ የለውም፣ አገሩ ወሎ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ያለውን መንገድ መቻሉ ያጠራጥራል፣ ተመልሶ አይኖርም። ቅዳሜ ልጅቷ ሄደች። ለዚያ ቅዳሜ ማንም አይወቅሰኝም፤ እኔም ራሴን አልወቅስም።

ግን ዓርቡን ሰብሳቢው ነጥቡን ካነበቡ በኋላ ግንበኛው ልናገር አለ። ተቀምጦ ነው የተናገረው፣ መቆም አልቻለም።

«ለመዳን አይደለም የምሄደው» አለ። «ልጄን ልያት ብዬ ነው።»

ከዚያ ሳያፍር ሁሉንም ተረከልን። አንዲት ልጅ አለችው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ነው ጥሏት የወጣው፤ አሁን ሃያ አንድ ሞልቷታል። እናቷ ስትሞት «በዚህ ሳምንት እደርሳለሁ» ብሎ በስልክ ነገራት፤ የያዘውን ግንብ ጨርሼ ሲል ሳምንቱ አለፈ፤ ቀብሩም፣ አርባውም፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። በየዓመት በዓሉ «ዘንድሮስ መጣሁ» ይላታል። በመጨረሻ ስልኩን ማንሳት ተወች። አንዷ ሴት፣ ታዲያ አሁን መታመምህን ደውለህ ንገራት፣ እሷው ትምጣ አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

«በስልክ አይሆንም። በስልክ ብዙ ዋሽቻታለሁ። ዝም ብዬ በሯ ላይ ብቆም ነው የምታምነኝ።»

በድሮው ቢሆን እዚህ ላይ አንዷ ታለቅስ ነበር፣ አንዱ ይቆጣ ነበር፣ እንደምንም ብለው መላ ያበጁለት ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ወረቀቱ ላይ ስለ ልጅ የሚጠይቅ መስመር የለም። «ለሚቀጥለው ተራ እንመለከተዋለን» አልኩ፤ በቢሮ አፌ። ስብሰባው በግማሽ ሰዓት አለቀ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሾፌሩ ቢሮዬ መጣ። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም። ረቡዕ ዕቃ ለማንሳት ወደ ውጫሌ ባዶውን እንደሚሄድ፣ ግንበኛውን ይዞት ሊሄድ እንዳሰበ፣ ጅግጅጋ ድረስም በራሱ እንደሚያደርሰው፣ ከዚያ የሚቀበለው ሰው እንዳዘጋጀ ነገረኝ። የሚፈልገው ደብዳቤውን ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ቢሞትብህስ አልኩት።

«ቢሞትም ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው የሚሞተው። ያኔ የታሰርኩት እኔ ነኝ እህቴ፤ አንቺ አይደለሽም።»

ለአንዱ ከተፈታ ለሁሉ ነው፣ ደንብ አለን አልኩት።

«ደንቡ ለፍራሿ ነው ያልሽን። ነገ ፍራሿን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ?»

አልነበረም። ማንም አልነበረም። ግን እንዴት ብዬ አዎ ልበል? ያን ዕለት ጠዋት በቪዲዮው ስብሰባ የደሴቶቹ ሰዎች የነጥብ ወረቀቱ ላይ «ልዩ ሁኔታ» የሚል አንድ መስመር እንጨምር ብለው ነበር። አንድ ልዩ ሁኔታ የገባ ዕለት ደንቡ ሞተ፣ የሚጮኽ ዘመድ ተመልሶ መጣ ብዬ ስሟገት ቆይቼ፣ አሸንፌ ነው ከስብሰባው የወጣሁት። አፌ ገና ከክርክሩ አልቀዘቀዘም። ሾፌሩን ያየሁት እንደ ሌላ ተከራካሪ ነው። ስብሰባ አለኝ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ስብሰባ አልነበረኝም። ሰውየው ደረጃውን ወረደ።

ከሰዓት ሰብሳቢው ደወሉ። ሾፌሩ ነግሯቸዋል። እንዲያው ነገሩን ብታስቢበት አሉኝ፣ በለሆሳስ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ። እኒያ አዛውንት ሰው፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው! እኔ ደግሞ ስናደድ አማርኛዬ ይፈጥናል፤ በሽተኛው ጉዞውን አይችልም፣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል፣ ማኅበሯ ብትጠየቅስ፣ እያልኩ አጣደፍኳቸው። «እንግዲህ ዶክተሯ ካልሽ» ብለው ዘጉት። ረቡዕ ሚኒባሷ ባዶዋን ሄደች።

ሐሙስ ከሥራ በፊት ልጠይቀው ዳሚ ሄድኩ። ለሕመሙ ማስታገሻ፣ ለጥሙ ጭማቂ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ጥሩ ሰው መስዬ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በአንድ ጥግ የሥራ ዕቃው፣ ካዙላው፣ ቱንቢው፣ መዶሻው በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከጎኑ አንዲት ቦርሳ ታስራ ቆማለች። ማሰሯን አየሁ፤ አልጠየቅሁም። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ አስረዳሁት፣ ጨው ተው አልኩት፣ እግሩን በትራስ ከፍ አደረግሁለት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በቀጣዩ ጉዞስ እሄዳለሁ ወይ አለኝ። ተራው ሲደርስ እናያለን አልኩት። ሳቅ አለ።

«ዶክተሬ፣ አንቺ ሕክምና ትፈልጊልኛለሽ። እኔ የጠየቅሁሽ መንገድ ነው።»

ልቤ ተሰብሮ ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልተሰበረም። ተናደድኩ። ይኼን ሁሉ ለፍቼለት፣ ማስታገሻውን ከስንት ፋርማሲ ፈልጌለት፣ ጭራሽ ይወቅሰኛል! ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከ ቢሮ ድረስ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሄድኩ። ቢሮ ስደርስ የመድኃኒት መጋዘኑን ምዕራፍ ከፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ጓደኞቹ ወደ ሥራ ሊወጡ ሲቀሰቅሱት ነው ያወቁት። ከከተማው ወጣ አድርገን ቀበርነው። ድሮ ዲያቆን የነበረ፣ አሁን ብሎኬት የሚያመርት ልጅ የሚያስታውሰውን ያህል ጸለየለት፤ ሲጠፋው ቆም እያለ፣ ግንባሩን እየጠረገ። ሾፌሩም መጥቶ ነበር፤ ራቅ ብሎ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። የአፈሩን ጠርዝ ግንበኛ ጓደኞቹ በድንጋይ ቀጥ አድርገው ሠሩለት። እኔ ቆሜ ቀን እቆጥር ነበር። ረቡዕ ቢነሳ ዓርብ ኮምቦልቻ ነበር። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። አራት ቀን ከልጁ ጋር። መንገዱ ቢያዳክመው እንኳ ሁለት ቀን። ሁለቱም ይቅርና፣ አንዲት ከሰዓት በቂው ነበር፤ በሯ ላይ ለመቆም ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ቅዳሜ ተራው ደረሰና ቦርሳው ሄደ። ሌላ በሽተኛ ስላልነበረ ሾፌሩ ፍራሿ ላይ አስቀምጦ ወሰዳት። ከጅግጅጋ በጭነት ወደ ኮምቦልቻ ተላከች።

የማፍርበትን ሌላም ነገር ልናገር። በዚያው ወር የደሴቶቹ ዕቅድ በየደሴቱ ላሉ የጤና ሠራተኞች ቀረበ። ከሩቆቹ ደሴቶች ካንዱ አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ በሚቆራረጥ መስመር ገቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። ወረቀትሽ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ አይድንም የተባለው ደግሞ ወደ ደሴቱ እንዴት ይመለሳል? የእኛ ሰው ከሞቱ ይልቅ ሰው አገር መሞቱን ይፈራል አሉኝ። አውሮፕላን ተነሳ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ «አንዴ ይቆዩ» አልኳቸው። አውሮፕላኑ ከራቀ በኋላ ጥያቄዎን ጽፌ ይዣለሁ ብዬ አለፍኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ምዕራፍ ጻፍኩ። የማይድን ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት፤ በማንኛውም ባዶ ጉዞ ላይ ያለ ነጥብ የሚሳፈርበት፤ ፈቃዱን የአንድ ሰው ፊርማ የማያግድበት። ሁለት ገጽ ነው። ከጻፍኩት ሁሉ እሱን ነው የወደዱት። ይህን እንዴት አሰብሽው ብለው ጠየቁኝ፤ ከመስክ ልምድ ነው አልኩ። አለቃዬ በቢሮው ሰው ፊት አጨበጨበልኝ። እኔም ቆሜ ፈገግ ብዬ ጭብጨባውን ተቀበልኩ። ያን ምዕራፍ የጻፈው ዳሚ የሞተው ሰው ነው፤ አንድም ሰው አልነገርኩም።

ለማኅበሯም አልተናገርኩም። አንድ ዓርብ የነጥብ ወረቀቱን ረስቼ የመጣሁ መስዬ ባዶ እጄን ሄድኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ቀስ በቀስ ወደ ድሮው ጭቅጭቅ ተመለሱ፤ ሲጨቃጨቁም ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር። አልወቀሱኝም። ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ማንም አልወቀሰኝም። ሰብሳቢው እንደ ወትሮው ወንበር ይስቡልኛል። ሾፌሩም ሰላምታውን አልነፈገኝም፤ ጤናዬን ይጠይቃል፣ አልሃምዱሊላህ ይላል። «እህቴ» ማለቱን ግን ተወ። እንደ ሌላው ሰው «ዶክተር» ይለኛል።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ቢሮ እያለሁ በኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ የወሎ ለዛ ያለው። ስሟን ከመናገሯ በፊት አወቅኳት። ስልኬን ሰብሳቢው ናቸው የሰጧት፤ በመጨረሻ አጠገቡ የነበረችው ዶክተሯ ናት፣ እሷን ጠይቂ ብለዋታል። እኔን ለመሸፈን ይሁን ወይም እኔው ልንገራት ብለው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስላደረጋችሁለት ሁሉ አመሰግናለሁ አለች። ቦርሳው ደርሷታል። ውስጡ ለእሷ የተገዛ ቀሚስ እንዳገኘች ነገረችኝ፤ ልኩ የልጅ ነው፣ መቼ እንደ ገዛው አይታወቅም አለች። ተሰቃይቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ብዙም አልተሰቃየም አልኳት። ያ እንኳ እውነት ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ዶክተር። አባቴ ልምጣ ብሎ ነበር?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰው ሁሉ ባለበት ልጄን ልያት ብሎ ነበር፣ ቦርሳውን አስሮ ነበር፣ በሯ ላይ ልቁም ብሎ ነበር። ግን አዎ ካልኩ የምትከተለዋን ጥያቄ አውቃታለሁ። ታዲያ ለምን አልመጣም? ትላለች። ያችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ፈራኋት። አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ።

«ሕመሙ ጠንቶበት ነበር» አልኳት። «እንደዚያ ያለ ነገር አላነሳም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሊመጣ ሲል ነው የሞተው ይለኝ ነበር» አለች። «እኔን ለማጽናናት መሆኑ ገብቶኛል። እንዲያው ለማረጋገጥ ብዬ ነው። እውነቱን ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳት፤ ዘጋችው።

ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ። አሁን እንኳ ይህን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ስጽፍ፣ ለእሷ ግን ገና አልደወልኩም።